ጸጥ ለጥ ማድረግ፤ ስለ አንድ የእንግሊዝኛ ግሥ

እንግሊዝኛ የሚማሩ ልጆቻችን ከሚቸገሩባቸው ነገሮች አንዱ ከሁለት ቃላት የተጣመረ ግሥ ነው። «ፑት» አኖረ፥ «ዳውን» ወደ ታች ማለት መሆኑን የሚያውቅ ተማሪ፥ ሁለቱን ቃላት በታሪክ መጽሐፍ ውስጥ ተጣምረው ሲያገኛቸው «ንጉሡ ዓመፁን ወደ ታች አኖረው» ብሎ ይተረጕማል። በቅኔ ቤት እንደሚባለው፥ ሰሙን ይዞ ወርቁን ሳተ።

የዚህ ግሥ ወርቁ በአማርኛ «ጸጥ ለጥ አደረገ» የሚለው ነው። እኛ «ጸጥ» እና «ለጥ» የሚሉትን ቃላት «አደረገ» ከሚለው ጋራ አጣምረን አዲስ ፍች እንደምናወጣ፥ እንግሊዞችም እንዲሁ ያደርጋሉ። ስለዚህ ልጆቻችን ቃላቱን ነጣጥለው ከመተርጐም ይልቅ ሐረጉን በሙሉ እንዲያጠኑ እንምከራቸው።

አገባቡም እንዲህ ነው። ተሳቢው ስም ሲሆን በሁለቱ ቃላት መካከል ወይም ከኋላቸው ሊገባ ይችላል። ተውላጠ ስም ሲሆን ግን ስፍራው መካከል ብቻ ነው፤ «ፑት ኢት ዳውን» ይባላል፥ «ፑት ዳውን ኢት» አይባልም። ላለፈ ጊዜም «ፑት» መልኩን አይለውጥም። በዚህ ፍች ሲነገር ተሳቢው አብዛኛውን ጊዜ ዓመፅ ወይም ሁከት ነው።

እዚህ ላይ ማስተዋል ያሻል። ግሡ ማን እንዳሸነፈ ይነግረናል፤ እውነቱ ከማን ዘንድ እንደ ነበረ ግን አይነግረንም። የጎንደር ሰው ለዚህ ምስክር ከሩቅ አይፈልግም። ዐፄ ሱስንዮስ በ1614 ዓ.ም. የካቶሊክን ሃይማኖት በይፋ ተቀብለው ሕዝቡም እንዲቀበል ባስገደዱ ጊዜ፥ በየአገሩ የተነሣውን ሁሉ በሰይፍ ጸጥ ለማድረግ ደከሙ። በ1624 ዓ.ም. ከላስታ የመጡትን የመልክአ ክርስቶስን ሰዎች በወይና ደጋ ድል ነሡ፤ ብዙ ሺህ ሰውም አለቀ። ነገር ግን በዚያው ዓመት የአባቶች ሃይማኖት እንዲመለስ ዐወጁ፥ ዙፋናቸውንም ለልጃቸው ለዐፄ ፋሲለደስ ለቀቁ። ጎንደርን መናገሻ ያደረጉ እኒሁ ፋሲለደስ ናቸው። የእንግሊዝኛ ጸሓፊ ስለ ወይና ደጋ «ፑት ዳውን» ቢል አልተሳሳተም፤ ሠራዊቱ ወድቋልና። ሃይማኖቱ ግን አልወደቀም።

የከተማችን ፒያሳም ይህንኑ ያሳስበናል። ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ጣሊያኖች ጎንደርን በ1928 ዓ.ም. ይዘው ያን ሰፈር ሲሠሩ፥ አርበኞቻችንን ዓመፀኞች ይሏቸው ነበር። እነርሱ ጸጥ ለጥ ሊያደርጉት የደከሙበትን ዓመፅ፥ እኛ አርበኝነት እንለዋለን። በኅዳር ወር 1934 ዓ.ም. በጎንደር የነበረው ሠራዊታቸው እጁን ሰጠ። እንግዲህ ልጁ ይህን ግሥ ባነበበ ቍጥር «ይህን የሚናገረው ማን ነው?» ብሎ እንዲጠይቅ እናስለምደው።

ግሡ ወደ ቤታችንም ይገባል። ተሳቢው ሰው ሲሆን፥ ያን ሰው በንግግር ማዋረድ፥ ማንኳሰስ ማለት ነው። ልጅ ሲጠይቀን «ዝም በል፤ አንተ ምን ታውቃለህ!» ብለን ጸጥ እናደርገውና፥ ዝምታውን መታዘዝ ነው ብለን ደስ ይለናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቈላስይስ ክርስቲያኖች በላከው መልእክት፥ አባቶች ልጆቻቸውን እያስመረሩ ልባቸውን እንዳይሰብሩ መክሯል። የልጅን ጥፋት መግታት ተግሣጽ ነው፤ ልጁን ራሱን ማዋረድ ግን ከተግሣጽ አይቈጠርም።

እናቶቻችን ማታ በምድጃ ላይ እሳት ሲያዳፍኑ ከላይ የሚታየው አመድ ብቻ ነው፤ ረመጡ ግን ከሥር እስኪነጋ ይቈያል። በልጅ ልብ የተዳፈነ ጥያቄም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ልጁ ሲጠይቅ የምናውቀውን በትዕግሥት እንንገረው፤ የማናውቀውንም ከመምህሩ ወይም ከነፍስ አባቱ ጠይቆ እንዲረዳ እንላከው።