ማኅተሙ ምን ይመሰክራል?

«በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ተብሎ ይተረታል። ተረቱ የጽሑፍን ክብር የሚያስረዳ ነው፤ ይሁን እንጂ በመጽሐፍ ያለው የሚወረሰው፥ ጽሑፉ እውነተኛ መሆኑ ሲታወቅ እንደ ሆነ ማንም አይስተውም። በዛሬው ጊዜ በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ከሚቀርቡት ወረቀቶች መካከል ከባሕር ማዶ የመጡ የልደት፥ የጋብቻ፥ የፍቺና የሞት ማስረጃዎች ይገኛሉ። ልጅ በዋሺንግተን የተወለደላቸው፥ በሮማ የተጋቡ፥ ወይም ዘመዳቸው በሪያድ ያረፈባቸው ወገኖቻችን፥ በአገራቸው ርስት ለመውረስ፥ ልጅ ለማስመዝገብ ወይም ጋብቻ ለመፈጸም ሲመጡ የሚይዙት ይህንኑ ወረቀት ነው። ስለዚህ የውጭ አገር ማስረጃ በቆንስላ በኩል እንዴት እንደሚረጋገጥ ማወቅ፥ ለተማሪውም ሆነ ሥራ ለጀመረው ወጣት ሹም እጅግ አስፈላጊ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ብንመለከተው ችግሩ ግልጽ ነው። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሹም፥ በኦሃዮ ወይም በቴክሳስ የሚሠራውን የክብር መዝገብ ሹም ፊርማ ሊያውቅ አይችልም። ስለዚህ ፊርማውን የሚያውቅ ሰው መፈለግ ግድ ይሆናል፤ እርሱንም የሚያውቅ ሌላ፥ ይህንንም የሚያውቅ ሌላ እየተባለ ምስክርነቱ እንደ ሰንሰለት ይያያዛል። በአሜሪካ አገር የልደትና የጋብቻ መዝገብ የሚይዘው የፌዴራሉ መንግሥት ሳይሆን ስቴቱ ወይም ካውንቲው ነው። ከዚያ የወጣው ግልባጭ በስቴቱ ዋና ጸሐፊ መሥሪያ ቤት፥ ቀጥሎ በአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፥ በመጨረሻም በዋሺንግተን በሚገኘው የኢትዮጵያ ኤምባሲ ይረጋገጣል። በኢጣልያ ደግሞ መዝገቡ በየማዘጋጃ ቤቱ ሲገኝ፥ የማዘጋጃ ቤቱን ሹም ፊርማ የሚያረጋግጠው ፕሬፌቱራ የሚባለው መሥሪያ ቤት ነው። ወረቀቱ ወደ አገራችን ከገባ በኋላም የኤምባሲያችንን ማኅተም የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ይመረምራል፤ ከዚያም ወደ ሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ መሥሪያ ቤት ይዘልቃል።

ይህ መንገድ ረዥምና አድካሚ መሆኑ በዓለም ዙሪያ የታወቀ ስለ ሆነ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ጥቅምት 5 ቀን 1961 ዓ.ም. በሄግ ከተማ አንድ ውል ተደርጎ ነበር። ውሉ በ1965 ዓ.ም. ጸንቶ ዛሬ ከ120 የሚበልጡ አገሮች ገብተውበታል፤ ሳዑዲ ዐረቢያ በ2022፥ ቻይና በ2023፥ ካናዳም በ2024 ዓ.ም. ተጨምረዋል። በውሉ መሠረት ሰነዱን የሰጠው አገር አፖስቲል የሚባል አንድ የምስክር ወረቀት ብቻ ይለጥፍበታል። ይኸውም እያንዳንዱ ጎኑ ከ9 ሳንቲ ሜትር የማያንስ፥ ዐሥር ተራ ቍጥሮች ያሉበት አራት ማዕዘን ነው። ሰጪውና ተቀባዩ አገር ሁለቱም በውሉ ከገቡ የቆንስላ ማኅተም አያስፈልግም፤ ከሁለቱ አንዱ ካልገባ ግን አፖስቲሉ ብቻውን አይበቃም። ኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን ከዚህ ውል ውጭ ስለ ኖረች፥ በማኅደሮቻችን የሚገኙት የውጭ ወረቀቶች የመጡት በረዥሙ መንገድ ነው።

ከዚህ ላይ አንባቢ አጥብቆ ሊይዘው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በአጭሩም መንገድ ቢመጣ በረዥሙ፥ ማኅተሙ የሚመሰክረው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ፊርማው የፈራሚው መሆኑን፥ ፈራሚው በዚያ ሥልጣን ላይ መኖሩን፥ የታተመውም ማኅተም የመሥሪያ ቤቱ መሆኑን። በወረቀቱ ውስጥ የተጻፈው ቃል እውነት ስለ መሆኑ ማኅተሙ አንዳች አይናገርም። ቆንሲሉ በሠርጉ ላይ አልነበረም፤ ሕፃኑም ሲወለድ አላየም። በእንግሊዝ አገር በሚሰጠው የልደት ማስረጃ ላይ፥ ወረቀቱ የያዡን ማንነት እንደማያረጋግጥ የሚያስጠነቅቅ ቃል ታትሞ መውጣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰነዱ እውነተኛ ሆኖ ያቀረበው ሰው ሌላ ሊሆን ይችላልና።

እንግዲህ በየቢሮው ሁለት ዓይነት ስሕተት ሊደርስ ይችላል። አንደኛው ማኅተሙን ከቈጠረ በኋላ ወረቀቱን ሳያነብ የሚያሳልፍ ሹም ነው። ሁለተኛው አንዲት ፊደል ወይም አንድ ቀን የተለወጠ መስሎ ሲታየው፥ ምክንያቱን ሳይመረምር ባለጉዳዩን «ሐሰተኛ» ብሎ የሚመልስ ነው። በፊተኛው ስሕተት መብት የሌለው ሰው የሌላውን ቤት ይወርሳል፤ በኋለኛው ደግሞ የሟች እውነተኛ ልጅ ባዶ እጁን ይመለሳል። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ ሁለቱም ወረቀቱን አላነበቡም።

ወረቀት ሲነበብ በመጀመሪያ የሚታየው ዓይነቱ ነው። በአሜሪካ ብዙ ሆስፒታሎች የሕፃኑን የእግር አሻራ ያተሙበትና በጌጥ የተከበበ ወረቀት ለወላጆች ይሰጣሉ፤ ይህ ለመታሰቢያ የሚሆን እንጂ ሕጋዊ የልደት ማስረጃ አይደለም። ሕጋዊው ከመዝገቡ ተገልብጦ በመዝገብ ሹሙ የተረጋገጠው ነው። እንዲሁም የጋብቻ ወረቀት የሚያስረዳው በዚያ ቀን ጋብቻ መፈጸሙን ነው፤ ጋብቻው እስከ ዛሬ መኖሩን አያስረዳም። ዛሬ ላለው ሁኔታ በቅርብ ጊዜ የተሰጠ ማስረጃ መጠየቅ ይገባል። በውጭ ፍርድ ቤት የተሰጠ ፍርድ በአገራችን ይፈጸም ሲባል ደግሞ መንገዱ ሌላ ነው፤ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ከቍጥር 456 ጀምሮ ለዚሁ የተለየ ሥርዓት ደንግጎለታል። በቆንስላ ማኅተም ብቻ የሚያልቅ ጉዳይ አይደለም።

ሁለተኛው ቀን ነው። 3/4/1990 ተብሎ የተጻፈው ቀን በአሜሪካኖች ልማድ ማርች 4 ሲሆን፥ በእንግሊዝና በኢጣልያ ልማድ ኤፕሪል 3 ነው። ወደ እኛ አቈጣጠር ሲመለስ የፊተኛው የካቲት 25፥ የኋለኛው መጋቢት 25 ቀን 1982 ዓ.ም. ይሆናል። ሁለት ወረቀቶች በአንድ ወር ቢለያዩ ሐሰት ነው ከማለት በፊት ቀኑን የጻፈው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይሻላል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2000 የተወለደውም በእኛ ታኅሣሥ 22 ቀን 1992 ዓ.ም. የተወለደ ነው፤ «2000»ን እንዳለ ወደ መዝገባችን የገለበጠ ጸሐፊ የሰውየውን ዕድሜ በስምንት ዓመት ያህል ያሳንስበታል። ከሳዑዲ ዐረቢያ የሚመጣው ወረቀት ደግሞ በሒጅራ የተጻፈ ሆኖ ሊገኝ ይችላል፤ የሒጅራ ዓመት 354 ወይም 355 ቀን ስለ ሆነ፥ የተወሰነ ዓመት በመደመር ብቻ ወደ እኛ አቈጣጠር አይመለስም።

ሦስተኛው ስም ነው። እኛ የራሳችንን፥ የአባታችንንና የአያታችንን ስም እናስከትላለን እንጂ የቤተ ሰብ ስም የለንም። የውጭው መዝገብ ግን የቤተ ሰብ ስም ይፈልጋልና የአያትን ስም በዚያ ቦታ ያስገባል። በዚህም ምክንያት ልጁ በውጭ ሲመዘገብ የአባቱን ሳይሆን የቅድመ አያቱን ስም ይዞ ሊገኝ ይችላል። «ኃይለ ማርያም» የሚለው ስም ተከፍሎ «ማርያም» የአባት ስም ሆኖ ይጻፋል። በአገሯ የአባቷን ስም ይዛ የኖረች ሴትም በውጭ ስታገባ በባሏ አያት ስም ትጠራ ይሆናል። «ጸሐይ» የሚለውም በላቲን ፊደል በልዩ ልዩ አጻጻፍ ይጻፋል። ይህ ሁሉ የሁለት ልማድ ልዩነት እንጂ የማታለል ምልክት አይደለም። ነገር ግን በምስክርና በሌላ ጽሑፍ መያያዝ ይኖርበታል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥርጣሬ ቢቀር ቆንስላው እውነተኛ ጥቅሙን የሚሰጠው ያን ጊዜ ነው። ቆንስላ ማኅተም የሚመታ ብቻ ሳይሆን፥ በባዕድ አገር ያለ የአገራችን ዓይንና ጆሮ ነው። ጥርጣሬ ያደረበት መሥሪያ ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል ጥያቄውን ይልካል፤ ቆንስላውም ሰነዱን የሰጠውን የመዝገብ ቤት ይጠይቃል። ጥያቄውም «ይህ ወረቀት ትክክል ነውን?» የሚል የድፍን ጥያቄ መሆን የለበትም። ስሙና ቀኑ በወረቀቱ ላይ እንደ ተጻፈው ሳይለወጥ ተገልብጦ፥ የመዝገቡ ቍጥርና ገጽ ተጠቅሶ፥ ግልባጩም ተያይዞ «በመዝገባችሁ በዚህ ቍጥር ይህ ቃል ይገኛልን?» ቢባል መልሱ ቍርጥ ያለ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የልደትና የጋብቻ ግልባጭ ማንም ሰው ሊጠይቅ ሲችል፥ በብዙዎቹ የአሜሪካ ስቴቶች ግን የልደት መዝገብ ለባለቤቱና ለቅርብ ዘመዶቹ ካልሆነ አይሰጥም። ስለዚህ የባለጉዳዩን የፈቃድ ፊርማ አስቀድሞ ማያያዝ ይገባል። የመልስ መዘግየትም በባለጉዳዩ ላይ እንደ ጥፋት ሊቈጠርበት አይገባም።

ወደ ውጭ ለትምህርት የሚሄደው ወጣትም ይህንኑ በሌላው ወገን ያገኘዋል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ ክብር መዝገብ ብዙ ቍጥሮች ሲኖሩት፥ ያው ሕግ በቍጥር 3361 ትእዛዝ በነጋሪት ጋዜጣ እስኪወጣ ድረስ ሥራቸውን አቈየው። የወሳኝ ኵነት ምዝገባ አዋጅ ቍጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፥ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተወለደ ሰው የሚይዘው የልደት ማስረጃ፥ ብዙውን ጊዜ ከተወለደ ከብዙ ዓመት በኋላ የተሰጠ ነው። የባዕድ ቆንሲል ይህን ሲያይ ቢጠራጠር አያስገርምም። ወጣቱ የክርስትና ወይም የክትባት ወረቀቱን፥ የትምህርት ቤት መዝገቡንና የቀበሌውን ጽሑፍ አሰባስቦ፥ በሁሉም ላይ ስሙ በላቲን ፊደል በአንድ ዓይነት እንዲጻፍ አስቀድሞ መጠንቀቅ አለበት። ትርጕም ሲያስደርግም በዋናው ላይ ያለው ማኅተም ለትርጕሙ እንደማይመሰክር አውቆ፥ ትርጕሙን ለብቻው ያስረጋግጥ።

እኛ የራሳችን ወረቀት በሌላው አገር ቆንስላ በማስተዋልና በትዕግሥት እንዲነበብልን እንመኛለን። የዘመን አቈጣጠራችን ልዩ መሆኑን፥ የስም ልማዳችን ሌላ መሆኑን፥ መዝገባችንም በዘገየ ጊዜ መጀመሩን እንዲያውቁልን እንፈልጋለን። እንዲህ ከሆነ እኛም ከባሕር ማዶ የመጣውን ወረቀት በዚያው ሚዛን ልንመዝን ይገባናል። «ካነጋገር ይፈረዳል፥ ካያያዝ ይቀደዳል» እንዲሉ፥ የአንድ ቤተ ሰብ መብት በሹሙ እጅ አያያዝ ይጸናል ወይም ይቀደዳል። ወጣቱ ሹም ማኅተሙን ያክብር፤ ማኅተሙ ለማይናገረው ነገር ግን ማኅተሙን ምስክር አያድርግ። ወረቀቱን ያንብብ፤ ካላወቀ ይጠይቅ፤ ጠይቆም መልሱን በትዕግሥት ይጠብቅ።