ታይፎይድ አዳዮች

ከልምምድ በተመለስን ቁጥር ሻይ ቤት ቁጭ ብለን የምናንሾካሹከውን ነገር ዛሬ በዚህች ገጽ ላይ እናወጣዋለን። እኛ የሕክምና ላቦራቶሪ ተማሪዎች ነን፤ የምንከሰውም በቅድሚያ ራሳችንን ነው። ክሱ ስለ ዊዳል ነው።

አንድ ሰው ትናንት ማታ አተኮሰው፤ ራሱን ፈለጠው፤ እህል ጠላ። ዛሬ ጠዋት ሐኪም ዘንድ ቀረበ። ሐኪሙ ወረቀቱ ላይ ጫር ጫር አድርጎ ወደ እኛ ሰደደው። ደም ቀዳን፤ ሴረሙን ለየን፤ ስላይድ ላይ አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ሪኤጀንት ጠብ አድርገን ወዝወዝ አደረግነው። ደቂቃ ሳይሞላ የረጋ ነገር የታየን መሰለን። «1፡160» ብለን ጻፍን። ሰውየው ከበር ሲወጣ በሽታም መድኃኒትም ይዞ ወጣ። ሰፈር ሲደርስ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ አሉኝ» ይላል፤ ጎረቤቱም «እሱማ ባለፈው ለእኔም ወጥቶብኝ ነበር» ይለዋል። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ እኛ በምናውቀው ሰፈር ታይፎይድ ያልወጣበት ሰው ቢኖር ያልተመረመረ ሰው ብቻ ነው።

ኧረ ለመሆኑ ያ 1፡160 ከየት መጣ? በስላይድ ታይተር ለማውጣት 80፣ 40፣ 20፣ 10 እና 5 ማይክሮሊትር ሴረም ለየብቻ ጠብ ተደርጎ ሪኤጀንት ይጨመርበታል፤ የመጀመሪያው 1፡20ን፣ የመጨረሻው 1፡320ን ይወክላል። እኛ ግን በአንዲት ጠብታ እንጨርሰዋለን። ደመቅ ካለ 1፡320፣ ፈዘዝ ካለ 1፡80! ይህ ልኬት ሳይሆን ግምት ነው፤ ግምት ደግሞ ቁጥር ሲለብስ ሳይንስ ይመስላል። ኮንትሮሉንም አይተነዋል፦ ብልቃጡ አንድ ቀን ሳይከፈት ጊዜው አልፎበት ፍሪጅ ውስጥ ተቀምጧል። ጠይቀንም ነበር። የተሰጠን መልስ «ይሄ ክፍል ውስጥ አይደለም» የሚል ነው።

እኛን ያንገበገበን ግን ይህ ብቻ አይደለም። ስለዚህ በሽታ አካሄድ በክፍል የተማርነውን እናስታውስ። ባክቴሪያው በተበከለ ምግብና ውኃ ይገባል፤ የትንሹን አንጀት ግድግዳ በፔየር ጉብታዎች በኩል ይሻገራል፤ ሊገድሉት የሚገባቸው ማክሮፋጆች ሆድ ውስጥ ገብቶ ይደበቃል፤ በእነርሱ ተሳፍሮ ጉበት፣ ጣፊያና መቅኒ ይደርሳል፤ በሐሞት ከረጢት በኩል ተመልሶ አንጀት ይገባል፤ ሕክምና ካላገኘ በሦስተኛው ሳምንት ገደማ አንጀት እስከ መብሳት ይደርሳል። ይህን ሁሉ እንደ ዳዊት እንደግመዋለን፤ በፈተናም እናገኝበታለን። እንግዲህ አስቡት! ዊዳል የሚለካው ባክቴሪያውን አይደለም፤ ሰውነት ያመረተበትን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ትኩሳቱ ከጀመረ ወደ ሳምንቱ ግድም ነው የሚታየው። ታዲያ ትናንት ማታ ባተኮሰው ሰው ደም ውስጥ ዛሬ ጠዋት ያየነው አንቲቦዲ የማን ነው? ምናልባት የአምና በሽታ ትዝታ ነው፤ ምናልባት የሌላ ሳልሞኔላ ነው፤ ምክንያቱም የታይፎይዱ ባክቴሪያ የኦ አንቲጅኑን ከዘመዶቹ ጋር ይጋራል። ይህን የሚነግረን የሁለተኛ ዓመት ሃንድአውታችን ነው፤ ስላይዱን የሚያስወዘውዘን ደግሞ የሦስተኛ ዓመት ልምምዳችን ነው። ሁለቱ አንድ ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጠው ሰላምታ እንኳ አይሰጣጡም።

ፈርናንድ ዊዳል ይህን ምርመራ እ.ኤ.አ. በ1896 ሲያወጣ ትልቅ ሥራ ነበር፤ በሰውየው ላይ ክስ የለንም። ከዚያ ወዲህ የመጡት መጻሕፍትም በግልጽ አስቀምጠውታል፦ ለማረጋገጥ ከሆነ ከ7 እስከ 10 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ ታይተሩ አራት እጥፍ ማደጉ ይታያል። ሁለተኛውን ደም ለመስጠት የተመለሰ በሽተኛ ያያችሁ እጃችሁን አውጡ። የዌል ፌሊክስ ነገርማ የባሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1916፣ በጦርነቱ መካከል፣ የታይፈስ ሕመምተኞች ሴረም ፕሮቲየስ የተባለውን ሌላ ባክቴሪያ እንደሚያረጋ ታወቀ። ፕሮቲየስ የታይፈስ አምጪ አይደለም፤ በአንቲጅን መመሳሰል ብቻ ነው። ሽንቱ በፕሮቲየስ የተመረዘ ሰው እንኳ «ታይፈስ» ሊወጣበት ይችላል። አያቶቻችን ተስቦን ከግርሻ ለይተው የሚጠሩበት ስም ነበራቸው፤ እኛ ሁሉንም በአንድ ስላይድ አደባለቅነው።

አሁን ደግሞ ወደ ተቃዋሚዎቻችን እንምጣ። «ካልቸር በሌለበት ምን ይደረግ? ከምንም ይሻላል» የሚሉን አሉ። ይህ ክርክር በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። የደም ካልቸር በየጤና ጣቢያው አይገኝም፤ ባለበትም ውጤቱ ቀናት ይፈጃል፤ አስቀድሞ መድኃኒት የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያመልጠዋል። እሺ። ግን «ከምንም ይሻላል» የሚለውን በቁጥር እንየው። 100 ትኩሳታም ሰዎች መጡ እንበል፤ ከእነሱ ታይፎይድ ያለባቸው 5 ብቻ ናቸው እንበል። ምርመራችን ከ5ቱ 4ቱን ያዘ፤ ከቀሩት 95 ደግሞ አምስት አንዱን በስሕተት ፖዘቲቭ አለ፤ 19 ሰው ማለት ነው። እንግዲህ 23 ሰው ወረቀት ይዞ ይወጣል፤ በሽታው ያለበት 4 ነው። 19ኙ ያልያዛቸውን በሽታ ሲታከሙ የያዛቸው ምንድን ነው? ወባ ነው? ግርሻ ነው? የሳንባ ምች ነው? ማን ፈለገው! «ከምንም ይሻላል» የምንለው ነገር ፍለጋውን የሚያስቆም ከሆነ ከምንም ይብሳል።

ለ19ኙ የሚጻፈውስ መድኃኒት? ሲፕሮ፣ ሴፍትሪያክሶን። በፓኪስታን ሲንድ ግዛት እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ የተስፋፋውን ታይፎይድ አንብበናል፤ የቀድሞዎቹን መድኃኒቶችም፣ ሲፕሮንም፣ ሴፍትሪያክሶንንም የሚቋቋም ነው። በአፍ ከሚዋጡት አዚትሮማይሲን ነው የቀረው። እነዚህን መድኃኒቶች በአንዲት ጠብታ ምክንያት እንደ ቆሎ ስናስበትን፣ እውነተኛው ታይፎይድ የመጣ ቀን በምን ልናክመው ነው?

ሌሎች ደግሞ «እናንተ ውጤት ጻፉ፤ መተርጎም የሐኪሙ ፈንታ ነው» ይሉናል። ደስ የሚል መሸሸጊያ ነው። ደም ቀጂ እያሉ ሲያንቋሽሹን እንቆጣለን፤ ኃላፊነት ሲመጣ ግን ደም ቀጂነቱ ይመቸናል።

የአብነት ተማሪ ቃል በቃል ይሸመድዳል እየተባለ ይተቻል። ተቺው ግን ቅኔ ቤትን ረስቷል፤ እዚያ ተማሪው የራሱን ዘርፎ ለመምህሩ ካላቀረበ አይታለፍም። እኛ አራት ዓመት ሙሉ ንባብ ቤት ነን። «የታይፎይድን አካሄድ ጻፍ» ተብለን ተጠይቀናል፤ «በሁለተኛው ቀን የተወሰደ ደም ላይ ዊዳል ቢታዘዝ ምን ታደርጋለህ?» ተብለን ግን አንድ ቀን አልተጠየቅንም። መምህራኖቻችን ሆይ፣ በሚመጣው ፈተና ጠይቁን። እንወድቅ ይሆናል፤ እዚሁ ብንወድቅ ይሻላል።

እስከዚያው በሚቀጥለው ልምምድ ከመካከላችን የተስማማን ልጆች እንዲህ ልናደርግ ነው። በሽተኛው ያተኮሰው ስንት ቀኑ እንደሆነ ጠይቀን ወረቀቱ ላይ እንጽፋለን። ኮንትሮል ሳንሠራ ውጤት አናወጣም። ታይተር ካልለካን ታይተር አንጽፍም፤ ከለካንም ከሥሩ «የአንድ ጊዜ ናሙና፤ ብቻውን አያረጋግጥም» እንላለን። ከሁሉ በፊት ግን የደሙን ስላይድ በጊምዛ ቀልመን በማይክሮስኮፕ እናያለን፤ ወባ የለም ለማለት 100 ፊልድ ቆጥረን ነው፤ የግርሻዋ ጥምዝምዝ ተሕዋስም እዚያው ስላይድ ላይ ልትገኝ ትችላለች። እዚያ የምናየው ሌባውን ራሱን እንጂ የአምና ዱካውን አይደለም።

ከእኛ አንዱ ባለፈው ሞክሮታል። አምስቱንም ጠብታ ደርድሮ፣ ኮንትሮሉን ሠርቶ፣ «ኔጋቲቭ» ብሎ ጻፈ። የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን አገላብጦ አየውና «ታዲያ ሐኪሙ ምን ብሎ ይዘዝለት?» አለው። ልጁ በጊዜው መልስ አጣ። ማታ መኝታ ክፍል ሲነግረን ግን ያቺን ስላይድ ጨርሶ እንዳላያት ታወሰው፤ በማግስቱ ሲመለስ በሽተኛው የለም፤ ካርዱ ላይ ሴፍትሪያክሶን ተጽፏል።