የሰመመን ደቂቃዎች በማን ሰዓት ይቆጠራሉ?

ለቀዶ ሕክምና ወደ ሆስፒታል የሚገባ ሰው ስለ ሕመሙ፣ ስለ ሐኪሙና ስለሚያገግምበት ጊዜ ይጠይቃል። በሰመመን ውስጥ ስለሚቆይባቸው ደቂቃዎች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በዩናይትድ ስቴትስ እነዚህ ደቂቃዎች የሕክምና ጉዳይ ብቻ አይደሉም፤ ከጊዜ በኋላ በፖስታ የሚደርሰውን ሂሳብም ይወስናሉ።

ጉዳዩ ከባለሙያዎች ክበብ ወጥቶ የሕዝብ መነጋገሪያ የሆነው እ.አ.አ. በ2024 መገባደጃ ላይ ነበር። አንተም ብሉ ክሮስ ብሉ ሺልድ የተባለው የጤና መድን ድርጅት፣ በኒው ዮርክ፣ በኮኔቲከትና በሚዙሪ ክፍያ በሚፈጽምበት የሰመመን ጊዜ ላይ ገደብ ለመጣል ማቀዱን በኖቬምበር አስታወቀ። ከፌብሩዋሪ 1 ቀን 2025 ጀምሮ ሊተገበር የነበረው ይህ ዕቅድ፣ ለየቀዶ ሕክምናው ዓይነት የደቂቃ ጣሪያ የሚያስቀምጥ ነበር። ዕድሜያቸው ከ22 ዓመት በታች የሆኑ ታካሚዎችና ከወሊድ ጋር የተያያዙ ሕክምናዎች ከገደቡ ውጭ ተደርገዋል።

የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበር ዕቅዱ እንዲሰረዝ ወዲያውኑ ጠየቀ። ተቃውሞው ግን ሰፊውን ሕዝብ ያዳረሰው፣ የሌላው ግዙፍ የመድን ድርጅት የዩናይትድ ሄልዝኬር ዋና ሥራ አስፈጻሚ ብራያን ቶምሰን ዲሴምበር 4 ቀን በማንሃተን በጥይት ተመትተው ከተገደሉና በመድን ድርጅቶች ላይ የቆየው ቁጣ ገንፍሎ ከወጣ በኋላ ነው። አንተም ዕቅዱ በተዛባ መንገድ መቅረቡን ገልጾ በማግስቱ ሰረዘው።

ዕቅዱ ቢሰረዝም ውዝግቡን የወለደው የሂሳብ አሠራር እንዳለ ነው። ቀዶ ሕክምናውን የሚያከናውነው ሐኪም በአብዛኛው የሚከፈለው ለሥራው ዓይነት በተተመነ ቋሚ ዋጋ ነው፤ ሥራው አንድ ሰዓት ቢፈጅም ሁለት ሰዓት ቢፈጅም ክፍያው አይለወጥም። የሰመመን ክፍያ ግን በሦስት ነገሮች ይሰላል። የመጀመሪያው ለየሕክምናው ዓይነት እንደ ክብደቱ የሚሰጠው መነሻ ነጥብ ነው። ሁለተኛው የጊዜ ነጥብ ሲሆን፣ በተለመደው አሠራር 15 ደቂቃ አንድ ነጥብ ያስገኛል። የሁለቱ ድምር በሦስተኛው፣ ማለትም በአንድ ነጥብ ዋጋ ይባዛል።

ለምሳሌ በካሜራ በታገዘ ቀዶ ሕክምና የሐሞት ከረጢት ሲወጣ የሰመመኑ መነሻ ነጥብ 7 ነው። ሰመመኑ ሁለት ሰዓት ከቆየ 8 የጊዜ ነጥቦች ተጨምረው 15 ይሆናል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች የሚያገለግለው የመንግሥት መድን ሜዲኬር በ2025 ለአንድ ነጥብ የመደበው አገር አቀፍ ዋጋ 20 ዶላር ከ32 ሳንቲም ገደማ በመሆኑ፣ ክፍያው ወደ 305 ዶላር ይጠጋል። ሰመመኑ ሦስት ሰዓት ቢቆይ ደግሞ 386 ዶላር ገደማ ይደርሳል። የግል መድን ድርጅቶች የሚከፍሉት የነጥብ ዋጋ በአብዛኛው ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ የአንዲት ሰዓት ልዩነትም በዚያው ልክ ይከብዳል።

በሜዲኬር ደንብ መሠረት ቆጠራው የሚጀምረው ቢላዋ ቆዳን ሲነካ ሳይሆን፣ ሰመመን ሰጪው ታካሚውን በቀዶ ሕክምናው ክፍል ወይም በተመሳሳይ ስፍራ ማዘጋጀት ሲጀምር ነው። የሚያበቃውም ታካሚው ለማገገሚያ ክፍል ባለሙያዎች በደህና ተላልፎ ሰመመን ሰጪው ከአጠገቡ ሲለይ ነው። ስለዚህ በሂሳቡ ላይ የሰፈረው ጊዜ ቀዶ ሕክምናው ከፈጀው ጊዜ መርዘሙ ብቻውን የስህተት ምልክት አይደለም።

የመድን ድርጅቶች መከራከሪያ፣ በደቂቃ የሚሰላ ክፍያ ጊዜን ለማሳጠር ማበረታቻ አይሰጥም፤ ደቂቃውን የሚመዘግበውም ራሱ ተከፋዩ ወገን ነው የሚል ነው። ይህ መሠረት የሌለው ስጋት አይደለም። ሐኪሞቹ በበኩላቸው የቀዶ ሕክምናውን ርዝመት የሚወስነው ሰመመን ሰጪው እንዳልሆነ ያስረዳሉ። ያልታሰበ የደም መፍሰስ ወይም ከቀድሞ ቀዶ ሕክምና የቀረ ጠባሳ ሥራውን ሊያራዝመው ይችላል፤ ሰመመን ሰጪውም ታካሚውን ጥሎ መሄድ አይችልም። አንተም ለመለኪያነት የመረጠው የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ጊዜ ግምት የተለመደውን ታካሚ ታሳቢ ያደረገ ነው። ከተለመደው በላይ የሚፈጅ ሕክምና ግን ሁልጊዜም ይኖራል፤ ብዙውን ጊዜም የሚያጋጥመው በጠና የታመመውን ሰው ነው።

ገደቡ ቢጸና ኖሮ ጉዳቱ በማን ላይ ይወድቅ ነበር የሚለው ጥያቄም አንድ መልስ የለውም። ከመድን ድርጅቱ ጋር ውል ያላቸው ሐኪሞች በአብዛኛው ያልተከፈላቸውን ልዩነት ከታካሚው እንዳይጠይቁ በውላቸው ስለሚታገዱ፣ ኪሳራው የሐኪሞቹ ይሆን ነበር የሚሉ ተንታኞች ነበሩ። በሌላ በኩል፣ መድኑ መክፈል ከመጀመሩ በፊት የተወሰነ ገንዘብ ከኪሱ ማውጣት ያለበት ታካሚ፣ ያን መጠን እስኪያሟላ ድረስ የእያንዳንዷን ደቂቃ ዋጋ የሚሸፍነው ራሱ ነው። ለእርሱ የረዘመ ሰዓት ዛሬም የራሱ ዕዳ ነው።

ከጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው ያልተጠበቀ የሕክምና ሂሳብን የሚከላከል የፌዴራል ሕግ አንዱን ቀዳዳ ደፍኗል። ታካሚው ከመድኑ ጋር ውል ባለው ሆስፒታል ታክሞ ሰመመን ሰጪው ብቻ ውል የሌለው ሆኖ ቢገኝ፣ በሕጉ በተሸፈኑ የመድን ዓይነቶች ታካሚው ከመደበኛ ድርሻው በላይ አይጠየቅም። መድን የሌለው ሰው ደግሞ ቀጠሮ ለተያዘለት ሕክምና የዋጋ ግምት አስቀድሞ በጽሑፍ የማግኘት መብት አለው፤ የመጣው ሂሳብ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ በ120 ቀናት ውስጥ አቤቱታ ማቅረብ ይችላል።

ሕጉ ግን ደቂቃዎቹን አይቆጥርም። ሰመመን መቼ እንደጀመረና መቼ እንዳበቃ የሚያሳየው መዝገብ የታካሚው የሕክምና ማኅደር አካል በመሆኑ፣ ታካሚው ቅጂውን ከዝርዝር ሂሳቡ ጋር ጠይቆ ማመሳከር ይችላል። ለአንድ ቀዶ ሕክምና ከሐኪምና ከሰመመን ነርስ ሁለት ሂሳብ ቢደርሰውም፣ ሁለቱ ክፍያውን የሚካፈሉበት አሠራር ስላለ፣ ድግግሞሽ ነው ብሎ ከመደምደሙ በፊት ማጣራት ይበጀዋል። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎች እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው ታካሚዎች አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለባቸው፣ አማርኛ ተናጋሪዎችም እነዚህን ጥያቄዎች በራሳቸው ቋንቋ ሊያነሡ ይችላሉ።

በዚህ ክርክር ውስጥ መድን ድርጅቱ የራሱን መለኪያ፣ ሐኪሙ የራሱን መዝገብ ይዞ ይቀርባል። ታካሚው ግን ሰዓቱ ሲቆጠር ተኝቶ ነበር። ወደፊት ሌላ የክፍያ ገደብ ሲታቀድም መመዘን ያለበት፣ ማየት ያልቻለውን ደቂቃ በእርሱ ላይ ይጭናል ወይስ አይጭንም በሚለው ጥያቄ ነው።