ሜዳውን ማን ሊዘጋው ይችላል?

(በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ2020 መጨረሻ የአሜሪካ ሜጀር ሊግ ቤዝቦል አንድ ዝርዝር ይፋ አደረገ። በትልልቆቹ ክለቦች ሥር ሆነው ወጣት ተጫዋቾችን የሚያሳድጉ ቡድኖች ስም የሰፈረበት ዝርዝር ነው። ቀድሞ 160 የነበሩት ወደ 120 ወረዱ። ከዝርዝሩ ውጭ ከቀሩት ከተሞች አንዷ በቴነሲ ግዛት ተራራማ ክፍል የምትገኘው ኤልዛቤትተን ነበረች። 14 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት ይህች ከተማ ከ1974 ጀምሮ የ"ትዊንስ"ን ስምና ማልያ ለብሳ ስትጫወት ኖራለች። ትዊንስ የሩቁ የሚኒሶታ ግዛት ትልቅ ክለብ ነው። ልጆቿ ዛሬ በቅርብ ያዩትን ተጫዋች ከዓመታት በኋላ በቴሌቪዥን እያዩ አድገዋል። ከዚያ ዝርዝሩ ወጣ፤ ነገሩም በዚያው አበቃ።

ሜጀር ሊጉ የራሱ ምክንያት ነበረው፦ የሜዳዎች ደረጃ፣ የጉዞ ርቀት፣ ወጪ። ምክንያቱ ልክ ይሁን አይሁን ሌላ ክርክር ነው። ቁም ነገሩ ውሳኔው የተላለፈበት ቦታ ላይ ነው። የኤልዛቤትተን ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ወንበር አልነበረውም። ከተማዋ ዕድለኛ ሆና ሜዳዋ ጨርሶ ባዶ አልቀረም፤ ትጫወትበት የነበረው ሊግ ከ2021 ጀምሮ የኮሌጅ ተማሪዎች የክረምት ሊግ ሆኖ ቀጥሏል። ግን ይህንንም የወሰነው ሌላ ሰው ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሚኒሶታ እንሂድ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ሚኒሶታን የሚያውቋት በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል በሚኖሩ ዘመዶቻቸው በኩል ነው። ከሁለቱ ከተሞች ወጥቶ በበቆሎና በአኩሪ አተር ማሳ መሀል የሚነዳ ሰው በየትንሿ ከተማ አንድ ተመሳሳይ ነገር ያያል፦ የእህል ጎተራ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እና ከፍ ያሉ የፓውዛ ምሰሶዎች የቆሙበት የቤዝቦል ሜዳ። ሚልሮይ የምትባል 250 ገደማ ሰው የሚኖርባት ከተማ ሳትቀር የራሷ ሜዳና የራሷ ቡድን አላት። 250 ሰው ማለት አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ መለስተኛ ኮንዶሚኒየም ብሎክ ነዋሪ ቢሆን ነው።

እነዚህ ቡድኖች አማተር ናቸው። ወርዋሪው ቀን መምህር ወይም ገበሬ ነው፤ መቺው ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ የተመለሰ የኮሌጅ ተማሪ ነው። ተጫዋቹ በሜዳው አካባቢ ነዋሪ እንዲሆን የሚያስገድድ ደንብ ስላለ፣ ገንዘብ ያለው ቡድን ከሩቅ ኮከብ አስመጥቶ ዋንጫ መሰብሰብ አይችልም። በክልላዊ ሊጎች ተጫውተው የሚያልፉት በክረምቱ ማብቂያ ለግዛቱ ዋንጫ ይፋለማሉ። ይህ ውድድር ከ1924 ጀምሮ አለ። ታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት መጥቶ ሄዷል፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጥቶ ሄዷል፤ ውድድሩ አለ።

ሜዳውን ማን ይይዘዋል? በብዙ ቦታ መሬቱ የማዘጋጃ ቤቱ ነው፤ ሥራው ግን የነዋሪው ነው። ሣሩን የሚያጭደው፣ አፈሩን የሚደለድለው፣ መስመሩን በኖራ የሚያሰምረው በጎ ፈቃደኛ ነው፤ ብዙ ጊዜም ራሱ ተጫዋቹ ወይም ቀድሞ የተጫወተ አባት ነው። በአጥሩ ላይ የጋራዡ፣ የባንኩ፣ የቀብር አስፈጻሚው ማስታወቂያ ተደርድሯል። በኪዮስኳ ቋሊማና ቢራ የሚሸጡት የተጫዋቾቹ ቤተሰቦች ናቸው። መግቢያው ጥቂት ዶላር ነው። ከዚያች ኪዮስክ የተገኘው ገንዘብ የኳስ፣ የዳኛና የመብራት ወጪ ይሸፍናል። ሕፃናቱ ከአጥር ውጭ የወደቀ ኳስ ለማምጣት ይሽቀዳደማሉ፤ አሥር ዓመት ቆይተው ያንኑ ማልያ ይለብሳሉ።

እንዲህ ሲነገር ነገሩ ተረት ይመስላል። ተረት አይደለም፤ ይህ ባህልም ሊሞት ጥቂት ቀርቶት ነበር። ከጦርነቱ በኋላ፣ በ1950 ገደማ፣ ሚኒሶታ ውስጥ 800 የሚጠጉ የከተማ ቡድኖች ነበሩ። ያኔ አንዳንድ ከተሞች ጎረቤታቸውን ለማሸነፍ ሲሉ ከውጭ ተጫዋች እየቀጠሩ ደመወዝ መክፈል ጀመሩ። አንዷ ስትከፍል ሌላዋም ልትከፍል ግድ ሆነ። ወጪው ናረ። ቴሌቪዥን ተመልካቹን ሳሎኑ ውስጥ አስቀረው። በ1961 ደግሞ ትዊንስ ሚኒሶታ ገቡና ትልቁ ቤዝቦል ደጃፍ ላይ መጣ። በመቶ የሚቆጠሩ ቡድኖች ፈረሱ። ከሁሉ በላይ የተመቱት ብዙ ይከፍሉ የነበሩት ትልልቅ ሊጎች ናቸው። ገንዘቡ ሲደርቅ ቡድኑን የሚያቆም ሌላ ነገር አልነበራቸውም። የተረፈው ባህል ጎረቤት ከጎረቤት የሚጫወትበት፣ ደመወዝ የሌለበት፣ ሣር አጫጁ የቡድኑ አባል የሆነበት ነው።

እዚህ ላይ ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል። ኤልዛቤትተን ያጣችውን ያጣችው ሕዝቧ ስላልወደደው አይደለም፤ የቡድኑ ሥር ሌላ ቦታ ስለነበር ነው። ሚልሮይን ግን ከኒው ዮርክ ቢሮ ሆኖ የሚሰርዛት ሰው የለም። ልትፈርስ የምትችለው የራሷ ሰዎች ሣር ማጨድ የሰለቻቸው ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ ስለ ማንኛውም የሕዝብ ተቋም መጠየቅ ያለበት "ማን ሠራው?" ከሚለው ይልቅ "ማን ሊዘጋው ይችላል?" የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን በ1984 የተጀመረው በጥቂት የእግር ኳስ ቡድኖች ነበር። አዘጋጆቹ በጎ ፈቃደኞች፣ ተጫዋቾቹ ከታክሲ፣ ከሆስፒታልና ከፓርኪንግ ሥራ የሚመጡ ወጣቶች ነበሩ። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ በሚደረገው በዚህ ውድድር ስንት የተለያየ ዘመድ ተገናኘ! በ2012 ግን ሰዎቹ ተከፍለው በአንድ ክረምት ሁለት ውድድር በሁለት ከተሞች ተካሄደ። የክርክሩ አንዱ ማዕከል ዝግጅቱ በአንድ ባለሀብት ድጋፍ ላይ ምን ያህል ይደገፍ የሚለው ነበር። ማን ትክክል ነበር የሚለውን እዚህ መፍረድ አያስፈልግም። በመዋጮና በትኬት የቆመው ውድድር ግን እስከዛሬ ቀጥሏል።

አገር ቤት ሲመጣ ጉዳዩ ይከብዳል። የእግር ኳሱ ፕሪሚየር ሊግ ክለቦች አብዛኞቹ የሚንቀሳቀሱት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። በጀቱ ሲዘገይ የተጫዋቹ ደመወዝ ይዘገያል፤ ኃላፊው ሲቀየር የክለቡ ዕጣ ይቀየራል። ደጋፊው በዝናብ ቆሞ ይጮሃል እንጂ በክለቡ ላይ ድምፅ የለውም። ይህ በሚኒሶታ በ1950ዎቹ የወደቁት ሊጎች የሄዱበት መንገድ ነው፤ ልዩነቱ ከፋዩ ግብር ከፋዩ መሆኑ ብቻ ነው።

ከክለቦቹ በታች ደግሞ የሰፈር ሜዳ አለ። ስንቱ ትውልድ በጨርቅ ኳስ የተጫወተባቸው ባዶ ቦታዎች አንድ ቀን ጠዋት በቆርቆሮ ታጥረው ተገኝተዋል። በአንዳንዶቹ ላይ ሕንጻ ቆሟል፤ አንዳንዶቹ በሰው ሠራሽ ሣር አምረው ተመልሰዋል። ማማሩ ደስ ያሰኛል። ግን ከእነዚህ ውስጥ በሰዓት ኪራይ የሚሠሩት ጥቂት አይደሉም፤ የመክፈል አቅም የሌለው ልጅ በሽቦው ቀዳዳ ያያል። ሜዳው አልጠፋም፤ ለእሱ ግን ተዘግቷል።

"አሜሪካ ሀብታም አገር ነው፤ ይህ ለእኛ አይሠራም" የሚል መልስ ይመጣል። ሣር ማጨድና ኖራ ማስመር ግን የሀብት ጉዳይ አይደለም። ደሃ የሚባለው ሕዝብ እድርን አቋቁሞ ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ድስቱን በጋራ ገዝቶ፣ በመዝገብ ይዞ፣ ዳኛና ጸሐፊ መርጦ ለአሥርት ዓመታት አስተዳድሯል። ቀብርን በዚህ ብቃት የሚያስተናግድ ሰፈር የልጆቹን ሜዳ ማስተዳደር ያቅተዋል ብሎ መከራከር ይከብዳል። በትምህርት ቤት እረፍት የሚደረገውን የሰፈር የክረምት ውድድር ማን ያዘጋጀዋል? ወጣቱ ራሱ ነው። መዋጮ ሰብስቦ፣ ማልያ አሳትሞ፣ ለአሸናፊው በግ ገዝቶ። የሚልሮይ መንፈስ ከባሕር ማዶ መምጣት የለበትም፤ በየሰፈሩ አለ። የጎደለው ከክረምት እስከ ክረምት የሚዘልቅ መዋቅር ነው።

ሁለተኛው መልስ "መሬት የመንግሥት ነው፤ ሰፈሩ ሊይዘው አይችልም" የሚል ነው። ይህ ጠንከር ያለ መከራከሪያ ነው። ይሁንና በሚኒሶታም ብዙው ሜዳ የማዘጋጃ ቤት መሆኑን ማስታወስ ያሻል። ወሳኙ የመሬቱ ስም በማን ነው የሚለው ብቻ አይደለም፤ አጠቃቀሙን ማን ይወስናል፣ ለመለወጥስ ማን ይጠየቃል የሚለው ነው። ወረዳው የመሬቱ አስተዳዳሪ ሆኖ ሜዳውን ለነዋሪው ማኅበር በውል ሊያስረክብ ይችላል።

ሦስተኛው "ኮሚቴ ይበላዋል" ነው። ሊበላው ይችላል። ለዚህ መድኃኒቱ የሰፈሩ ሰው ያውቀዋል፦ ገቢና ወጪው በየወሩ በሜዳው በር ላይ ይለጠፍ። እድር ውስጥ ገንዘብ የሚበላ ጸሐፊ ዕድሜው አጭር የሚሆነው የሚጠይቀው ጎረቤቱ ስለሆነ ነው። ሩቅ ያለን ቢሮ ግን ማን ይጠይቀዋል?

እንግዲህ ሊደረግ የሚችለው ነገር ብዙም ውስብስብ አይደለም። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሰፈር ሜዳ በወረዳው የመሬት መዝገብ ላይ በሜዳነት ይመዝገብ፤ ነዋሪው በይፋ ሳይጠየቅ አገልግሎቱ አይለወጥ። ሁለተኛ፣ አስተዳደሩ በነዋሪው ለተመረጠ ማኅበር ይሰጥ፤ በማኅበሩ ውስጥ ወላጆችና ራሳቸው ወጣቶቹ ይግቡ። ሦስተኛ፣ ኪራይ ካስፈለገ ከመሸ ለሚጫወተው ደመወዝተኛ ይሁን፤ ከትምህርት በኋላ ያሉት ሰዓታትና ቅዳሜ ጠዋት ግን ለልጆች በነጻ ይጠበቁ። የማታው ኪራይ የቀኑን ወጪ ይሸፍን።

ይህ ሁሉ ሥራ ይጠይቃል። ሜዳ የራስ ሲሆን ቅዳሜ ጠዋት መጥረጊያ ይዞ መውጣትም የራስ ነው። "ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ" ተብሏል። በጀት የሚለቅ ኃላፊ ሃምሳውን ሎሚ ብቻውን ሲሸከም ይታያል፤ ሲደክመው ግን የሚጥለው የሰፈሩን ልጆች ነው።

በዚህ ሳምንት በሰፈሩ ሜዳ በኩል የሚያልፍ አባት ወይም እናት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ ይህን ሜዳ ነገ ማን ሊዘጋው ይችላል? መልሱ ሰፈሩ የማያውቀው ሰው ከሆነ፣ ቆርቆሮው ሳይመጣ መነጋገር የሚቻልበት ጊዜ አሁን ነው።