ለካኙን መሣሪያ ማን ይለካዋል?

ገበያ የወጣች እመቤት እህሏን ከማስመዘኗ በፊት ባዶውን ሚዛን አስቀድማ ትመለከታለች። መርፌው ከዜሮ ላይ ካልቆመ ሒሳቡ ሁሉ ስሕተት መሆኑን ታውቃለችና። በውሃ ላይም ነገሩ ይኸው ነው።

በጁባ ከተማ ንያኩሮን ከሚባለው ሠፈር ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የወረደ ሰው ነጭ ዓባይን ያገኛል። ከዚያ የሚነሡት ጀልባዎች ሰውና እህል ጭነው ወደ ቦርና ወደ ማላካል ይጓዛሉ። ውሃው ድፍርስ ስለ ሆነ ወለሉ በዓይን አይታይም፤ ስለዚህ የወለሉን ካርታ የሚያነሡ ባለሙያዎች ሶናር በተባለው መሣሪያ ይሠራሉ። መሣሪያው ድምፅ ወደ ታች ይልካል፤ ድምፁም እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል። ነገር ግን መሣሪያው የሚለካው ጊዜን ብቻ ነው፤ የድምፁን ፍጥነት የሚነግረው ሰው ነው።

ፍጥነቱም በውሃው ሙቀትና ጨዋማነት ይለያያል። ኮላዶን የተባለው ስዊሳዊ በ1826 (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በጄኔቫ ሐይቅ ውስጥ ደወል አስደውሎ ሲለካ፣ 8 ዲግሪ ያህል በነበረው ቀዝቃዛ ውሃ በሴኮንድ 1435 ሜትር አገኘ። ሞቃትና ጨዋማ በሆነው በምጽዋ ባሕር 1550 ሜትር ያህል ሲደርስ፣ ጨው በሌለበት በጁባ ወንዝ ግን ወደ 1500 ሜትር ይጠጋል። እንግዲህ ለምጽዋ የተስተካከለ መሣሪያ እንዳለ ወደ ጁባ ቢመጣ፣ 10 ሜትር የሆነውን ጥልቀት 10 ሜትር ከ33 ሳንቲም ነው ይላል። የሌለ ውሃ አለ ማለቱ ነው፤ ይህን ያመነ ጀልባም ከነተሳፋሪው ከአሸዋ ላይ ይቀመጣል።

መድኃኒቱ ቀላል ነው። የብረት ሰሌዳ በተለካ ሰንሰለት ታስሮ ከመሣሪያው ሥር በመጀመሪያ 2 ሜትር፣ ቀጥሎም 6 ሜትር ይወርዳል፤ ይህም ጅረቱ ጸጥ ባለበት ስፍራ ይደረጋል። ስሕተቱ በሁለቱም ላይ እኩል ከሆነ መሣሪያው ከውሃው ገጽ በታች የተሰቀለበት ልክ በትክክል አልተመዘገበም ማለት ነው፤ ከጥልቀቱ ጋር እያደገ ከሄደ ግን የተነገረው ፍጥነት የተሳሳተ ነው። የወንዙ ከፍታም ከክረምት እስከ በጋ ስለሚለዋወጥ፣ በዳር የተተከለው የከፍታ መለኪያ በዚያው ሰዓት ይነበባል።

ይህ ሁሉ ከአንድ ጧት ሥራ አይበልጥም። ቸኩሎ የተወው ሰው ግን ስሕተቱን በካርታ ላይ ጽፎ ለማያውቃቸው እናቶችና ሕፃናት ያስተላልፋል። ስለዚህ መሣሪያ የያዘ ሁሉ ልኩን ከማመኑ በፊት መሣሪያውን ይመርምር።