ካልታዘልኩ አላምንም

ስለ መኪና በሚጽፉ ጋዜጦችና መጽሔቶች ዘንድ በየዓመቱ እንደ ክረምት ዝናብ ወቅቱን ጠብቆ የሚመጣ አንድ ወሬ አለ። ወሬውም «አርኤክስ-7 ሊመለስ ነው» የሚል ነው። አንድ የኩባንያው ሹም በንግግሩ መካከል ስለ ስፖርት መኪና አንዲት ቃል ጣል ካደረገ፣ ወይም አንድ አዲስ ንድፍ ከታየ፣ የመኪናው አፍቃሪዎች ወዲያው ይነሣሉ። የፈረስ ጉልበቱን ይገምታሉ፤ ዋጋውን ይተምናሉ፤ ቀለሙን ሳይቀር ይመርጣሉ። መኪናው ግን የለም። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የተባለው ለዚህ ዓይነቱ ነገር ሳይሆን አይቀርም።

ነገር ግን ወሬውን በሳቅ ብቻ ማሳለፉ ተገቢ አይመስለኝም፤ ከሥሩ አንድ ቁም ነገር አለና። ይኸውም፣ መሠራቱ የቆመ መኪና እንዲመለስ የሚያደርገው ምንድን ነው? የሰው ናፍቆት ነውን? ስሙ ነውን? ወይስ ሌላ ነገር? በዛሬው ጽሑፌ ይህን ከእናንተ ጋር ልመረምር አስቤአለሁ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።)

በመጀመሪያ መኪናው ምን እንደ ነበረ እንወቅ። አርኤክስ-7 በጃፓን አገር በሂሮሺማ የሚገኘው የማዝዳ ኩባንያ ከ1978 እስከ 2002 ድረስ የሠራው የስፖርት መኪና ነው። በእነዚህ 24 ዓመታት ውስጥ በሦስት ትውልድ ከ810 ሺህ በላይ መኪናዎች ከፋብሪካው ወጥተዋል። ሦስተኛውና የመጨረሻው ትውልድ በ1991 ሲታይ ክብደቱ 1,250 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ጉልበቱም 255 የፈረስ ጉልበት ነበር። ይህን ሁሉ ጉልበት የሚሰጠው ሞተር ግን መጠኑ 1.3 ሊትር ብቻ መሆኑ ብዙ ሰው አስገርሟል። የምሥጢሩ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው።

በተራ መኪና ሞተር ውስጥ ፒስተን ወደ ላይና ወደ ታች ይመላለሳል፤ ይህ መመላለስ ወደ መሽከርከር ተለውጦ ጎማውን ያዞራል። በአርኤክስ-7 ሞተር ውስጥ ግን ፒስተን የለም። በፒስተን ፈንታ፣ ጎኖቹ ጎበጥ ያሉ ባለ ሦስት ማዕዘን ብረት ወገቡ ጠበብ ባለ ሞላላ ቤት ውስጥ ይሽከረከራል። በሚሽከረከርበትም ጊዜ ሦስቱ ጎኖች እየተከታተሉ አየርና ቤንዚን ይስባሉ፤ ያምቃሉ፤ ካንዴላው ሲያቀጣጥለው ተገፍተው ኃይል ይሰጣሉ፤ በመጨረሻም ጭሱን ያስወጣሉ። ብረቱ አንድ ጊዜ ሲዞር ዘንጉ ሦስት ጊዜ ይዞራል። የሚመላለስ ነገር ስለሌለበት ሞተሩ ትንሽና ቀላል ነው፤ ንዝረቱም እጅግ ጥቂት ነው። ይህ ዓይነቱ ሞተር ሮታሪ ይባላል።

የሐሳቡ አባት ፌሊክስ ቫንክል የሚባል ጀርመናዊ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ሞተር በኤን.ኤስ.ዩ. ኩባንያ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1957 ነው። በዚያን ጊዜ ቶዮ ኮግዮ ይባል የነበረው የሂሮሺማው ኩባንያ በ1961 የመሥራት ፈቃዱን ገዛ። የገዛበትም ምክንያት የቅንጦት አልነበረም። የጃፓን መንግሥት ትናንሾቹ የመኪና ፋብሪካዎች ከትላልቆቹ ጋር እንዲቀላቀሉ ይፈልግ ነበር። የኩባንያው ፕሬዚዳንት ጹነጂ ማጹዳ፣ ሌላው የሌለውን አንድ ጥበብ ካልያዝን ራሳችንን ችለን አንኖርም ብሎ አሰበ። ስለዚህ ሮታሪው ለእርሱ የሞት ሽረት ጉዳይ ነበር።

ሥራው በ1963 ለኬኒቺ ያማሞቶና እርሱ ለሚመራቸው መሐንዲሶች ተሰጠ። በጠቅላላው 47 ስለ ነበሩ፣ በጃፓን ታሪክ ጌታቸውን ለመበቀል በቈረጡት 47 ተዋጊዎች ስም ይጠሯቸው ጀመር። የገጠማቸውም ችግር ይህ ነበር፤ በማዕዘኖቹ ጫፍ ላይ የሚገቡት ቀጫጭን ማሸጊያዎች ሞተሩ ሲዞር እየተንቀጠቀጡ የውስጡን ግድግዳ ይቧጥጡታል። ጭረቱን ባዩት ጊዜ «የሰይጣን ጥፍር» የሚል ስም አወጡለት። ብዙ ነገር ሞክረው በመጨረሻ ካርቦንን ከአልሙኒየም ጋር በማዋሐድ የጸና ማሸጊያ ሠሩ፤ በ1967ም ኮስሞ ስፖርት የተባለው መኪና ለሽያጭ ቀረበ። ፈቃዱን ከገዙት ብዙ ኩባንያዎች ውስጥ በሥራው እስከ ዘመናችን የጸናው ይኸው የሂሮሺማው ፋብሪካ ነው።

ሆኖም ሮታሪ ጥፋት የሌለበት ሞተር ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። የሚቃጠልበት ክፍል ረዥምና ስስ በመሆኑ ቤንዚኑ በሚገባ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ስለዚህ ቤንዚን ይበላል፣ ጭሱም ይከፋል። ማሸጊያዎቹ እንዳይደርቁ ከቤንዚኑ ጋር ጥቂት ዘይት መቃጠል አለበት። በ1973 የነዳጅ ዋጋ በዓለም ላይ በናረ ጊዜ ይህ ጠባይ ኩባንያውን ወደ ውድቀት አፋፍ አድርሶት ነበር። አርኤክስ-7 ራሱ በ2002 ሲቆም፣ ተተኪው አርኤክስ-8ም በ2012 ሲያበቃ፣ እየጠበቀ የሄደው የጭስ ሕግና እየቀነሰ የሄደው ገዢ አንድ ላይ ተባብረውበት ነው።

እዚህ ላይ አፍቃሪዎቹ ስለሚወዱት አንድ ታሪክ ልናገር። በ1991 ማዝዳ 787ቢ የተባለው ባለ አራት ሮታሪ መኪና በፈረንሳይ አገር በለ ማን የ24 ሰዓት ውድድር አንደኛ ወጣ። ከጃፓን ፋብሪካዎች ይህን ድል ያገኘ የመጀመሪያው እርሱ ነው። ከዚያም ወዲህ «አውሮፓውያን ቀንተው ሮታሪን አገዱት» የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይነገራል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ሮታሪን ከውድድሩ ያስወጣው የ3.5 ሊትር ሞተር ደንብ የተወሰነው ከድሉ በፊት ነበር። ፍቅር የበዛበት ወሬ እንዴት እንደሚያድግ ከዚህ መማር ይቻላል።

አሁን ወደ ተስፋው እንመለስ። በ2015 በቶኪዮ የመኪና ኤግዚቢሽን ማዝዳ አርኤክስ-ቪዥን የተባለ ውብ መኪና አሳየ፤ አፍቃሪዎቹም «መጣ!» አሉ። በ2023 አይኮኒክ ኤስፒ የተባለ ሌላ ታየ፤ ይህኛው ባለ ሁለት ሮታሪ ሲሆን ሞተሩ ለኤሌክትሪክ ማመንጫ የሚያገለግል፣ ጉልበቱም 370 የፈረስ ጉልበት ነው ተባለ። በ2025 ደግሞ ቪዥን ኤክስ-ኩፔ 510 የፈረስ ጉልበት ይዞ ቀረበ። ሦስቱም ለትርኢት የቀረቡ እንጂ ለገበያ የቀረቡ አይደሉም። ለትርኢት የሚሠራ መኪና የኩባንያውን ምኞት ያሳያል፤ ገዢ ግን ምኞትን ነድቶ ወደ ቤቱ አይሄድም።

ስለዚህ የሌሎቹን ዕጣ እንመልከት። የቶዮታ ሱፕራ በ2002 መሠራቱ ቆሞ፣ በ2014 የሚያስጎመጅ የትርኢት መኪና ታይቶ፣ በ2019 በእውነት ተመለሰ። የናፈቁት ሰዎች ግን መከለያውን ከፍተው ሲያዩ ያገኙት የጀርመኑን የቢ.ኤም.ደብልዩ ሞተር ነው፤ መኪናውም የተገጣጠመው በኦስትሪያ አገር ነበር። ግሩም መኪና መሆኑን የሚክድ የለም፤ ነገር ግን «የተመለሰው ሱፕራ ነው ወይስ ስሙ?» የሚለው ክርክር አልበረደም። የሆንዳ ኤን.ኤስ.ኤክስም በ2005 ቆሞ በ2016 ተመልሶ ነበር፤ ዋጋው ከ150 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ ሆነና በስድስት ዓመት ውስጥ በዓለም ሁሉ የተሠራው ከ3 ሺህ ያነሰ ነው። በ2022 እንደ ገና ቆመ። ለዓመታት «ይመለስልን» ሲሉ ከነበሩት ውስጥ ገንዘቡን ያወጣው ጥቂቱ ብቻ ሆነ።

ከእነዚህ ሁለት ታሪኮች የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። ስም በውል ይመለሳል፤ ናፍቆትም ብቻውን ገበያ አይሆንም። አርኤክስ-7 ግን ከሁለቱም የሚለይበት አንድ ነገር አለ። የሱፕራን ሞተር ከሌላ ኩባንያ መዋስ ይቻላል፤ ሮታሪን ግን የሚያበድር የለም። ያለ ሮታሪ የሚመጣ አርኤክስ-7 ቢኖር የሚመለሰው ስሙ ብቻ ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው «መኪናው ይመለሳልን?» ሳይሆን «ሞተሩን መሥራት የሚያውቅ እጅ አለን?» ነው።

የእጅ ነገር ደግሞ ጊዜ አይሰጥም። ከ2012 በኋላ ለ11 ዓመታት ያህል ማዝዳ በሮታሪ የሚሠራ አዲስ መኪና አልሸጠም። መሪው ያማሞቶ በ2017 በ95 ዓመቱ ዐረፈ። የሰይጣንን ጥፍር በዓይናቸው ያዩት ሰዎች በጡረታና በሞት እያለቁ ነው። ሥዕሉና ቍጥሩ በመዝገብ ሊቀመጥ ይችላል፤ አንድ ማሸጊያ ሲበላ ድምፁ እንዴት እንደሚለወጥ፣ ብረቱ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ ልብ ማለትን ግን ወጣቱ የሚማረው ከአዋቂው ጎን ቆሞ ሲሠራ ነው። አንድ ትውልድ ሳይማር ካለፈ የሚቀጥለው ከ1963ቱ ጥያቄ እንደ አዲስ መጀመር ሊኖርበት ነው።

ለዚህ ነው እኔ ከሦስቱ የትርኢት መኪናዎች ይልቅ ሁለት ትናንሽ ወሬዎችን የማከብረው። የመጀመሪያው፣ በ2023 ኤምኤክስ-30 በተባለው መኪና ውስጥ 830 ሲ.ሲ. የሆነ አንድ ሮታሪ ገብቶ መሠራት መጀመሩ ነው። ይህ ሞተር ጎማ አያዞርም፤ ለባትሪው ኤሌክትሪክ ያመነጫል እንጂ። የስፖርት መኪና አፍቃሪዎች ንቀውታል። ነገር ግን በእርሱ ምክንያት የሂሮሺማ ሠራተኞች ሮታሪ ማምረትን እንደ ገና ለመዱ። ሁለተኛው፣ ፕሬዚዳንቱ ማሳሂሮ ሞሮ በጥር ወር 2024 ያስታወቁት ነው፤ ተበትኖ የነበረው የሮታሪ መሐንዲሶች ክፍል በየካቲት መጀመሪያ እንደ ገና ተቋቋመ፤ 36 መሐንዲሶችም ተመደቡለት። ዋና ሥራቸውም ሞተሩን ከዛሬው የጭስ ሕግ ጋር ማስታረቅ ነው።

ሠላሳ ስድስት ሰው ለትልቅ ኩባንያ ብዙ አይደለም። ግን ደመወዝ ይከፈላቸዋል፤ በየማለዳው ወደ ሥራቸው ይገባሉ፤ የሚያውቀውም ለማያውቀው ያሳያል። ኩባንያ በትርኢት አዳራሽ ውስጥ ብዙ ነገር ይናገራል፤ እውነተኛ ሐሳቡ የሚታወቀው ግን ሰውና ገንዘብ ባኖረበት ቦታ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢዎች፣ በሚመጣው ዓመት «አርኤክስ-7 ሊመለስ ነው» የሚል ወሬ ስትሰሙ (መስማታችሁም አይቀርም) ሥዕሉን አይታችሁ ብቻ አትርኩ። ሞተሩን የሚሠራው ማን ነው? የጭሱን ሕግ አለፈ? ዋጋውስ የናፈቀው ሰው ሊከፍለው የሚችል ነው? ብላችሁ ጠይቁ። የእኔን ግምት ከጠየቃችሁኝ፣ ሮታሪው በኤሌክትሪክ እየታገዘ ይመለሳል ብዬ አስባለሁ፤ መኪናው ግን ክብደቱም ዋጋውም የድሮውን አይመስልም። ይህም ቢሆን ግምት ነው። ሙሽራይቱ «ካልታዘልኩ አላምንም» ማለቷ ትክክል ነበር፤ ለጊዜው የታየው ሽር ጉዱ ብቻ ነውና። ሆኖም ወጥ ቤቱ ውስጥ ሠላሳ ስድስት ሰዎች እሳት እያነደዱ ነው።