ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት ንገሩን

ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ጤና ቢሮ
ግልባጭ፦ ለአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ፤ ለአቃቂ ቃሊቲ ክፍለ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ ስቴሮይድ የሚወስዱ ሕሙማን ለጉድፍ ሲጋለጡ በጊዜ እንዲያውቁ ስለመጠየቅ

ክቡራን የቢሮው ኃላፊዎች፣

ጉድፍ በእኛ ሰፈር የሚያስደነግጥ በሽታ አይደለም። ልጅ ላይ ሲወጣ ጎረቤቱ «በልጅነቱ መውጣቱ ነው የሚሻለው» ብሎ ያጽናናል። ለአብዛኛው ልጅ እውነት ነው፤ ሰውነቱን ሲያሳክከው ሰንብቶ፣ ቅርፊቱ ረግፎ ይድናል። እኔ የምጽፍላችሁ ግን አብሮት አንድ ዴስክ ላይ ስለሚቀመጠው፣ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ ስለሚውጠው ልጅ ነው።

ልጄ የኩላሊት ታማሚ ነው። ፕሮቲን በሽንቱ እየወጣ ፊቱና እግሩ ሲያብጥ ሐኪሞች ይህን መድኃኒት ጀመሩለት፤ እብጠቱ ጎደለ፣ ትምህርቱንም ቀጠለ። መድኃኒቱን ስረከብ ከምግብ በኋላ እንዲውጥ፣ ጨው እንድቀንስለት፣ በድንገት እንዳላቋርጥበት ተነገረኝ። ጉድፍን ግን ማንም አላነሳልኝም። ክፍሉ ውስጥ መግባቱን የሰማሁት ወፍጮ ቤት ወረፋ ስጠብቅ ከሌላ እናት ነው። የእሷ ልጅ ሽፍታው ከወጣበት ሳምንት ሊሞላው ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በዚያው ቀን ሐኪሙ ዘንድ ደርሼ አሲክሎቪር የተባለ ፀረ ቫይረስ መድኃኒት ተጀመረለት፤ ደህና ነው። ነገር ግን የልጅ ሕይወት በወፍጮ ቤት ወሬ ላይ ሊንጠለጠል አይገባም።

ስቴሮይድ ብዙዎችን የሚያድን መድኃኒት ነው። የሚያድነውም፣ ለጉድፍ የሚያጋልጠውም የሰውነትን የመከላከል አቅም በመግታቱ ነው። ከዚህ ቀደም ጉድፍ ያልወጣበት ሰው በከፍተኛ መጠን ሲወስደው ከተያዘ፣ ቫይረሱ ከቆዳ አልፎ ሳንባን፣ ጉበትንና አንጎልን ሊያጠቃ፣ ሊገድልም ይችላል። ሥጋቱ መድኃኒቱ ከቆመ በኋላም እስከ 3 ወር ይቆያል። በተለመደው መጠን የሚሳብ የአስም መድኃኒት ግን እንደሚዋጠው አያሰጋም። እንግሊዞች ይህን ማስጠንቀቂያ ካወጡ ከ30 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል፤ እዚያ ስቴሮይድ ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው በሚሰጠው ካርድ ላይ ጉድፍ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኘ በአስቸኳይ ሐኪም እንዲያይ ተጽፎለታል።

ነገሩ የልጆች ብቻም አይደለም። አስም የተነሳበት፣ የመገጣጠሚያ ሕመም ወይም ሉፐስ ያለበት፣ ለደም ካንሰር የሚታከም፣ ሁሉም ይህ መድኃኒት ሊታዘዝለት ይችላል። አልማዝ ባለጭራ የሚያወጣውም ያው ቫይረስ ስለሆነ፣ ቤት ውስጥ አልማዝ ባለጭራ የወጣባቸው እናት ወይም አባት ካሉም ጥንቃቄ ያሻል።

ክቡራን፣ በዚህ በሽታ ጊዜ አለን። ከተጋለጡበት ቀን አንስቶ ሽፍታው እስኪወጣ ከ10 እስከ 21 ቀን ይወስዳል። ሐኪም በእነዚህ ቀናት ውስጥ አሲክሎቪር ሊያዝ፣ ታማሚውን በቅርብ ሊከታተል ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ይኸው ነው። የታመመው ልጅ ግን ሽፍታው ከመውጣቱ 1 ወይም 2 ቀን አስቀድሞ ማስተላለፍ ይጀምራል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ነጠብጣብ በታየ ዕለት ካልተነገረን ቀናቱ በከንቱ ያልፋሉ።

የጉድፍ ክትባት ጃፓናዊው ሐኪም ሚቺያኪ ታካሃሺ ከሠሩበት እ.ኤ.አ. ከ1974 ጀምሮ ቢኖርም በአገራችን መደበኛ የልጆች ክትባት ውስጥ አልገባም። ቢገባ እንኳ ሕያው ቫይረስ የያዘ በመሆኑ ከፍተኛ ስቴሮይድ ላይ ላለ ልጅ አይሰጥም። እንዲህ ያለውን ልጅ የሚጠብቀው በዙሪያው ያለን ሰዎች ጥንቃቄ ነው። ስለዚህ ሦስት ነገር እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ የሚዋጥ ስቴሮይድ የሚያድል ፋርማሲ ሁሉ በመድኃኒቱ ፓኬት ላይ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ አጭር ወረቀት ይለጥፍ፦ «ጉድፍ ወይም አልማዝ ባለጭራ ካለበት ሰው ጋር ከተገናኙ ሽፍታ ሳይጠብቁ ሐኪም ያማክሩ። መድኃኒቱን በራስዎ አያቋርጡ።»

ሁለተኛ፣ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ጉድፍ እንደያዘው ባወቀበት ቀን፣ የልጁን ስም ሳይጠራ ለክፍሉ ወላጆች ሁሉ ያሳውቅ። የታመመው ልጅም ሽፍታው ሁሉ ቅርፊት እስኪይዝ ቤቱ ይቆይ። እኛም ወላጆች ልጃችን ስቴሮይድ ላይ መሆኑን ለመምህሩ እንናገር።

ሦስተኛ፣ ከሰፈራችን ጤና ጣቢያዎች እስከ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ድረስ «ተጋልጫለሁ» ብሎ የመጣ ስቴሮይድ ወሳጅ «ሲወጣብህ ተመለስ» ተብሎ አይሸኝ፤ የዚያኑ ዕለት ይታይ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም ይህን ቤት ለቤት ያስተምሩ። ጉድፍ ለያዘው ልጅ አስፕሪን እንደማይሰጥም አብረው ይንገሩ።

ይህ አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም፤ አዲስ ማሽንም አያሻውም። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1976 ፈንጣጣን ከምድሯ ያጠፋችው በክትባት ብቻ አልነበረም፤ ባለሙያዎች ተራራና በረሃ እያቋረጡ ታማሚውን ፈልገው፣ ሲያገኙም ሳይውሉ ሳያድሩ ስላሳወቁ ጭምር ነው። ያን ያደረገ አገር በአንድ ክፍል ውስጥ ጉድፍ መግባቱን ለወላጅ መንገር አያቅተውም።

በአቃቂ በሰቃ ትምህርት ቤቶች ብትጀምሩት እኛ ወላጆች ወረቀቱን በማባዛትና በማደል ልናግዛችሁ ዝግጁ ነን። በመጪው መስከረም የትምህርት ቤት በር ሲከፈት መመሪያው ቀድሞ እንዲደርስ በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከሰላምታ ጋር
አንዲት እናት፣ ከአቃቂ በሰቃ